እናት ሥራ ስትውል የሕፃኑ ወተት የት ይዋል?

ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት አንሥቶ ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በስተቀር፣ ከእናቱ ጡት ወተት ሌላ ውሃም ቢሆን እንደማያስፈልገው በየጤና ተቋሙ ሲነገር ቆይቷል። በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደርም ሆነ በሸነን ይህን ምክር ያልሰማ ባለትዳር ጥቂት ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ መስማትና መፈጸም ይለያያሉ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል የእናት ወተት ብቻ ሲያገኙ የተገኙት ከ100ው 58 ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ ቁጥሩ 59 ሆነ።

ለከተማ ቤተሰብ ከምክንያቶቹ አንዱ የቀን ስሌት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ስድስት ወር ግን 180 ቀን ነው። እንግዲህ ሕጉ የሚሸፍነው ግማሹን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሦስት ወር ለባልና ሚስት የተተወ ነው። ጉሊት ተቀምጣ የምትቸረችር እናትማ ይህም የላትም፤ ከአራስ ቤት እንደወጣች ወደ ገበያዋ ትመለሳለች።

በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት የሚሆነው የታወቀ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ይገዛል፤ ወይም የላም ወተት በውሃ ይቀጥናል፤ ጡጦም ይከተላል። የእናቲቱ ወተት ግን አልደረቀም። መሥሪያ ቤት ሆና ጡቷ አግቶ ልብሷን ሲያረጥበው፣ ልጇ ቤት ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ወተት ይጠጣል። ለዚህ መፍትሔው ወተቱን አልቦ በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥና እናት በሌለችበት ሰዓት በሲኒ ማጠጣት ነው። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥንቃቄን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዓት መቁጠርን ነው።

የላም ወተት ልማድ ለእናት ወተት አይሠራም

የምዕራብ ሸዋ ሕዝብ ከከብት ጋር የኖረ ነው። ወተት እንዴት እንደሚያዝ ከእናት ከአያት የተማረ በመሆኑ፣ የታለበ የጡት ወተት ሲሰጠው በሚያውቀው ልማድ ሊይዘው ይሞክራል። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

የላም ወተት የሚቀመጥበት ቅል በወይራ ይታጠናል። ጢሱ ለወተቱ መልካም ሽታ ከመስጠቱም በላይ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ለሕፃን ወተት ግን ቅልም ሆነ ጢስ አያስፈልግም። የቅል ውስጡ ሻካራ በመሆኑ በሳሙና ፈትጎ ማጥራትና መቀቀል አይቻልም፤ ባለፈው ቀን የነበረው ተሕዋስ ለዛሬው ወተት ይተርፋል። ያንኑ የተረፈ ተሕዋስ ነው ባለሙያዋ እርጎዋን ለማርጋት የምትፈልገው። ለሕፃኑ የሚቀርበው ወተት ግን እርጎ ለመሆን የጀመረ እንኳ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ማፍላት ነው። የላም ወተት ሳይፈላ መጠጣት የለበትም፤ እንደ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ያሉ በሽታዎች ከከብት ወደ ሰው ከሚተላለፉባቸው መንገዶች አንዱ ጥሬ ወተት ነውና። ይህን የለመደች ሞግዚት የእናቲቱንም ወተት እሳት ላይ ብትጥደው በክፋት አይደለም። ነገር ግን የእናት ወተት በውስጡ ሕይወት ያላቸው ሴሎችና በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ ሕፃኑን ከተቅማጥና ከሳንባ ምች የሚከላከሉ ሲሆኑ፣ ወተቱ ከታለበ በኋላም ለጥቂት ሰዓታት የተሕዋስን መራባት ይገታሉ። ሲፈላ አብዛኞቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ የእናት ወተት አይፈላም።

ሦስተኛው መልኩ ነው። የታለበ የጡት ወተት ሲቀመጥ ቅባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥር የሚቀረው ደግሞ ቀጠን ያለና ሰማያዊ የሚመስል ይሆናል። ይህን ያዩ ሰዎች «ተበጣጠሰ» ብለው ሲደፉት ይታያል። ወተቱ አልተበላሸም። ዕቃውን በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር ብቻ ነው፤ መልሶ ይቀላቀላል። አንዳንድ ወተት ቀዝቅዞ ሲቆይ የሳሙና ሽታ የመሰለ ነገር ያመጣል፤ ይህም ለሕፃኑ ጉዳት የለውም። ሽታው የኮመጠጠ ከሆነ ግን መድፋት ነው።

አስተላለቡ

«ማለብ» የሚለው ቃል የላም ስለሚመስል የሚከፋት እናት ትኖር ይሆናል፤ የሕክምና ባለሙያዎቻችን የሚጠቀሙበት ቃል ግን ይኸው ነው። በመጀመሪያ እጅን በሳሙናና በውሃ በሚገባ መታጠብ ያስፈልጋል። ጡቱን በየጊዜው በሳሙና ማጠብ ግን ጫፉን ስለሚያደርቀውና ስለሚሰነጥቀው አይመከርም። ከዚያ በኋላ አውራ ጣትን ከጡት ጫፍ ዙሪያ ካለው ጥቁር ክብ በላይ፣ ሌባ ጣትን ከክቡ በታች አድርጎ፣ መጀመሪያ ወደ ደረት መግፋት፣ ቀጥሎ ሁለቱን ጣቶች ማቀራረብና መልቀቅ ነው። ጣቶቹ ቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም፤ የጡቱን ጫፍ ብቻ መቆንጠጥም ወተት አያወጣም፣ ያሳምማል እንጂ። ወተቱ በመጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ይፈስሳል። አንዱን ጡት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አልቦ ወደ ሌላው መሄድ፣ ደግሞ መመለስ፤ ሁሉም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

በመጀመሪያው ቀን የሚገኘው ሁለት ማንኪያ ቢሆን ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እጅም ጡትም ይለምዳል። በመሆኑም ልምምዱን ሥራ ከሚጀመርበት ቀን ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ መጀመር ይበጃል። ሥራ ቦታም ሆነው በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ ያስፈልጋል። ያልታለበ ጡት ያጋታል፣ ይቆስላል፤ ወተቱም ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል።

ስንት ይበቃል? ከአንድ እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት የሚጠባው በአማካይ ወደ 750 ሚሊ ሊትር ነው። እናቱ 8 ሰዓት ብትለየው ድርሻው ወደ 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ይሆናል። ልጅ ከልጅ ስለሚለያይ ትንሽ ትርፍ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ብዙ እናቶች የሚፈሩትን ያህል ብዙ አለመሆኑን ግን ልብ ይሏል።

ዕቃው

አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ገጣሚ፣ ሲቀቀል የማይቀልጥ ዕቃ ይመረጣል። የማርማላታ ብርጭቆ ከነክዳኑ፣ የማይዝግ ብረት ኩባያ ክዳን ያለው፣ ወይም ለምግብ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። በአካባቢያችን በየቤቱ የማይጠፋው የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አንገቱ ጠባብ በመሆኑ ውስጡን በእጅ ፈትጎ ማጽዳት አይቻልም። ሃይላንዱም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ የፈላ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል። ዕቃውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጥቦ ለ10 ደቂቃ መቀቀል፣ ከዚያም በጨርቅ ሳይወለውሉ በንጹሕ ቦታ ደፍቶ ማድረቅ ተገቢ ነው።

በአንድ ዕቃ ብዙ ከማጠራቀም በየዕቃው ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን፣ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር፣ ማድረግ ይሻላል፤ ሕፃኑ ሳይጨርሰው ቢቀር የሚደፋው ያነሰ ይሆናልና። አሁን የታለበ ትኩስ ወተት ቀድሞ በቀዘቀዘው ላይ አይጨመርም፤ መጀመሪያ ለብቻው ይቀዝቅዝ። በዕቃው ላይ የታለበበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። የእጅ ስልኩ በፈረንጅ፣ የግድግዳው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሆነበት ቤት ሁሉም በአንዱ መስማማት አለበት፤ «2 ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ በሁለት መንገድ ከተነበበ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። ሞግዚቷ ማንበብ የማትችል ከሆነ በዕቃዎቹ አንገት ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር ማሰርና የትኛው እንደሚቀድም ማሳየት ይቻላል።

ዓይን እንዳያየው ብለው ወተቱን የሚሸፍኑ አያቶች አሉ። እኛም ይሸፈን እንላለን፤ የእኛ ምክንያት ዝንብና አቧራ ነው።

ሰዓቱ

ፍሪጅ በሌለበት ቤት፣ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ጥላ ቦታ፣ የታለበ ወተት ለ4 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ እናት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አልባ ብትወጣ ወተቱ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ድረስ ያገለግላል ማለት ነው። በፍሪጅ፣ በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለብቻው በር ባለው ፍሪዘር ስድስት ወር ያህል ይቀመጣል። በፍሪጁ ውስጥ ባለችው ትንሽ የበረዶ ክፍል ግን ቅዝቃዜው ስለማይጸና ከሁለት ሳምንት ባያልፍ ይሻላል። ወደ በረዶ የሚገባ ዕቃ እስከ አፉ አይሞላም፤ ወተት ሲረጋ ስለሚሰፋ ብርጭቆውን ይሰነጥቃል።

አራት ሰዓት የተባለው በሁሉም ከተማ እኩል አይደለም። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጥላው ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ባኮ ግን ወደ 1,650 ሜትር ዝቅ ያለች በመሆኗ በበጋ እኩለ ቀን የቤት ውስጥ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ያልፋል፤ እዚያ ወተቱን ከአራት ሰዓት በፊት መጨረስ ያስፈልጋል። በጀልዱ ደጋ የሚኖሩ ደግሞ «ቤታችን ራሱ ፍሪጅ ነው» ይሉ ይሆናል። ብርዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሰል የተያያዘበት ክፍል ሌላ ነው፣ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ጣሪያም ሌላ ነው። የትም ቢሆን ያለ ፍሪጅ ከአራት ሰዓት በላይ ማቆየት አይመከርም። የተከደነውን ዕቃ በሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማቆምና ውሃውን መለዋወጥ፣ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ወተቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ሰዓቱን ግን አያራዝምም።

ፔርሙዝን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ወተቱን አሙቆ በፔርሙዝ ማዋል እጅግ አደገኛ ነው። ለብ ያለ ወተት ተሕዋስ ከሚራባባቸው ቦታዎች ሁሉ የተመቸው ነው። ፔርሙዝ ከተፈለገ ለቅዝቃዜ ይሁን፦ አፈ ሰፊ የሆነውን በበረዶ አቀዝቅዞ፣ ወተቱን ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ለማምጣት ያገለግላል። ብዙ በረዶ የያዘ የበረዶ ሣጥን ያለው ደግሞ ወተቱን እስከ 24 ሰዓት ሊያቆይበት ይችላል።

ፍሪጁ የጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ከሆነ ወተቱ በክዳናማ ሣጥን ተደርጎ ከውስጥ በኩል ይቀመጥ፤ በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። በተለይ በበዓል ሰሞን ቅርጫው ተከፋፍሎ ፍሪጁ በጥሬ ሥጋ ሲሞላ መጠንቀቅ ነው። ትኩስ ሥጋው ፍሪጁን ያሞቀዋል፤ ደሙም ወደ ታች ይንጠባጠባል። የሕፃኑ ወተት ምንጊዜም ከሥጋው በላይ ባለው መደርደሪያ ይሁን።

መብራት ሲጠፋ

በከተሞቻችን መብራት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ ሁለት ቀን። ችግሩ ሰው ቤት ሳይኖር ጠፍቶ የመጣ ጊዜ ነው። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ኩባያ ውሃ በፍሪዘር አርግቶ በበረዶው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ ነው። ሳንቲሙ ከላይ እንዳለ ከተገኘ በረዶው አልቀለጠም። ወደ ውስጥ ሰምጦ ከተገኘ ግን በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ስለሆነ በዚያ ያለውን ወተት ለሕፃን መስጠት አይገባም። በወተቱ ውስጥ ገና በረዶ ካለ መልሶ ማርጋት ይቻላል። ፈጽሞ የቀለጠ ወተት ግን አይረጋም፤ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ በ24 ሰዓት፣ ከፍሪጅ ከወጣ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል ወይም ይደፋል።

ሲሰጥ

የተቀመጠውን ወተት ለማሞቅ በጎድጓዳ ሣህን ሙቅ ውሃ አድርጎ ዕቃውን በውስጡ ማቆም ይበቃል። እሳት ላይ አይጣድም፤ በማይክሮዌቭም አይሞቅም፤ አንዱ ቦታ ሌላውን ሳይመስል ይፋጅና የሕፃኑን አፍ ያቃጥላል። በእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር ነው። ሕፃኑ ከተቀበለው ሳይሞቅም ቢሰጠው ጉዳት የለውም።

ጡጦን ትተን ሲኒ የምንለው በጽዳት ምክንያት ነው። የጡጦ ጫፍ ቀዳዳ ወተት ይዞ ይቀራል፤ ሲኒ ግን በአንድ እጅ ይታጠባል። በተጨማሪም ጡጦ የለመደ ሕፃን ጡት ሊያስቸግር ይችላል። አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ ሕፃኑን ቀና አድርጎ ጭን ላይ ማስቀመጥ፣ የሲኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ ማሳረፍ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ማዘንበል። ከዚያ በኋላ ራሱ ይስባል። አፉ ውስጥ ማፍሰስ ያንቀዋል። ከጠጣበት የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠጣ ይደፋል፤ ለነገ አይመለስም።

የአንዲት እናት ወተት ለሌላ ሴት ልጅ አይሰጥም። ያለ ጊዜው ለተወለደ ወይም ለታመመ ሕፃን የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከዚህ የጠበቀ ስለሆነ፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት በሕክምና ክትትሏ የሚሰጣት ምክር ስላለ፣ በቅድሚያ ጤና ባለሙያን ማነጋገር ያስፈልጋል።

የባል ድርሻ

ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ቢወድቅ ሦስት ሳምንት አይዘልቅም። ማለብ የእርሷ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ግን የባልም ሊሆን ይችላል። ዕቃ መቀቀል፣ ሰዓት መጻፍ፣ ለሞግዚቷ ወይም ለእናቱ ማስረዳት የወንድ እጅ የማይችለው ሥራ አይደለም። በተለይ አያት «ያደረ ወተት ለልጅ ልጄ አላጠጣም» ሲሉ ከምራት ቃል ይልቅ የልጃቸው ቃል ይሰማል። ሌላም ነገር አለ። ከተሞቻችን ትንንሽ ናቸው። በምሳ ሰዓት እናቲቱ በባጃጅ ቤት ደርሳ ብታጠባ፣ ወይም ሕፃኑ ወደ እርሷ ቢወሰድላት፣ የሚታለበው ወተት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ ስትመለስና ሌሊቱን በሙሉ ደግሞ ከጡት መጥባቱ ይቀጥል።

ወተቱ ሲቀመጥ እርግዝናስ?

ጡት ማጥባት ራሱ እርግዝናን እንደሚከላከል ብዙ ባልና ሚስት ያውቃሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስት ሁኔታዎች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ሕፃኑም ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 በጣሊያን አገር በቤላጂዮ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ይህ ሲሟላ ጥበቃው ከመቶ 98 እንደሚደርስ ተስማምተዋል።

እዚህ ላይ ግን የምትሠራ እናት የምትሳሳትበት ነገር አለ። እንቁላል እንዳይለቀቅ የሚያደርገው የሕፃኑ መጥባት ነው። በእጅ ማለብ ለሕፃኑ ወተቱን ያቆይለታል እንጂ የመጥባትን ያህል እርግዝናን አይከላከልም። በቺሊ በሥራ ላይ ባሉ እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ ወተታቸውን እያለቡ በዚህ ዘዴ ብቻ ከተማመኑት መካከል በስድስት ወር ውስጥ ከ100ው 5 ያህሉ ፀንሰዋል። ከቤት ከሚውሉት እጥፍ በላይ ነው።

ስለሆነም ወደ ሥራ መመለሻው ሲቃረብ ባልና ሚስት ስለ ወተቱ ሲመክሩ ስለ መከላከያውም አብረው ይምከሩ። ከወሊድ ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ የሦስት ወር መርፌና ለአጥቢ እናት የሚሰጠው እንክብል ወተትን አይቀንሱም። ሉፕና ኮንዶምም እንዲሁ ከወተት ጋር ግንኙነት የላቸውም። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት የተለመደው እንክብል ግን ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው ለምታጠባ እናት አይመከርም። ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ ስለሚያጋጥም፣ ወደ ክሊኒኩ ሲመጡ «አጠባለሁ፤ ቀን ቀን እያለብኩ አስቀምጣለሁ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።